የጋሼ እንድሪስ ቀኝ እጅ

ካሚዮን ዘበኛ አያስፈልገውም። ሾፌሩ ጥሩንባውን እየነፋ ከደራ ተነሥቶ ፀሐይ ሳትከር ሐዳማ ይገባል፤ እኛ የተጫነ በቅሎ እየነዳን ቀኑን ሙሉ የምንማስንበትን መንገድ። ባለፈው በጋ ጌታዬ ሙሴ ጣናስ፣ ቆዳና ቡና የሚነግደው ግሪክ፣ አስጠራኝና «ታደሰ፣ ከእንግዲህ በቅሎ የለም። በቅሎ የለም፣ አንተ የለም» አለኝ። ክፋት አይደለም፣ አማርኛው የሚወጣለት እንዲህ ሆኖ ነው። የወሩን ደመወዝ ሰጠኝ፤ አንድ ብርድ ልብስም መረቀልኝ። ዱላዬን ከበሩ ጥግ አንሥቼ ወጣሁ።

ቤት መዋል አላውቅበትም። እጄ የሚይዘው ቢያጣ ብዕር ያዘ። ልጅ ሳለሁ ምንጃር ላይ ዳዊት እስከ መድገም ደርሻለሁና ፊደሉ አይቸግረኝም። ስለ ራሴ ብዙ የምለው የለኝም፤ ዕድሜዬን የሰው ንብረት ስጠብቅ ኖርሁ፣ በቃ። መጻፍ የፈለግሁት ስላስተማሩኝ ሰው ነው፤ ከእሳቸውም ይልቅ ስለ ቀኝ እጃቸው።

ከምንጃር የወረድሁት ባቡሩ ሐዳማ ከደረሰ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነው። ያን ጊዜ ሐዳማ ማለት ጣቢያው፣ የጣቢያው መጋዘኖችና ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች ነበሩ፤ የቀረው ግራርና አቧራ ነው። መጀመሪያ የተቀጠርሁት አንድ የየመን ዓረብ ዘንድ የቆዳ መጋዘን ልጠብቅ ነበር። ሰውዬው ሌባ ይፈራ ስለነበር የቆዳው ክምር ላይ ይተኛል፤ ሲነጋ ከሱና ከቆዳው የትኛው እንደሚከረፋ መለየት ያስቸግር ነበር። ወባው ሲጥለኝ ሲያነሣኝ ከርሜ፣ ሰውነቴ መንምኖ፣ ሙሴ ጣናስ ዘንድ ዞርሁ። ጋሼ እንድሪስን ያገኘኋቸው እዚያ ነው።

የዘበኞቹ አለቃ ነበሩ። ወሎዬ እስላም ናቸው፤ ግራ ዓይናቸውን በልጅነታቸው ፈንጣጣ ወስዶባቸዋል። ቁመታቸው አጭር፣ ትከሻቸው ጠባብ ነው። እኒህን ደግሞ ማን አለቃ አደረጋቸው ብዬ ሳቅ አልሁ። ሰምተውኛል።

«የምንጃር ልጅ ነህ አሉ» አሉኝ።

«አዎን።»

«ምንጃር ጤፍ እንጂ ዱላ አያበቅልም። እስቲ ና፣ ምታኝ።»

ዱላዬን አነሣሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላየሁትም፤ ብቻ እኔ አቧራው ላይ ቁጭ ብያለሁ፣ ዱላዬ እሳቸው እጅ ላይ ነው። «አብሽር» አሉኝ እጄን ይዘው እያነሡኝ፣ «ጉልበቱስ ይመጣል። እግር ግን የለህም።»

እግር እስካወጣ ድረስ ዱላ አላስነኩኝም። ጧት ጧት ከጣቢያው በስተጀርባ ወዳለው ደረቅ ወንዝ ይወስዱናል። አሸዋው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። በዚያ ላይ ግማሽ ጆንያ አሸዋ ተሸክመን በባዶ እግራችን እንሮጣለን፣ ከዚያ ኮረብታውን ወጥተን እንወርዳለን። ስንመለስ ጋሼ እንድሪስ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁናል። «ስምህን ንገረኝ» ይላሉ። ስም ማለታቸው የአባት ስም፣ የአያት፣ የቅድመ አያት፣ እስከ ላይ፣ ትንፋሽ ሳይቆረጥ ነው። አብረውኝ የሚሠለጥኑት የአርሲ ልጆች አሥር አባት ድረስ ሲያወርዱት እኔ ሦስተኛው ላይ አልቆብኝ ቀረሁ። ያ ሁሉ ሰው ሳቀብኝ። «በል አንተ ዳዊትህን ድገም» አሉኝ፣ እስላሙ ሰውዬ። ስለዚህ እያለከለክሁ መዝሙር ስደግም ከረምሁ። ወባው ትቶኝ ሄደ፤ ደረቴ ሰፋ፤ በዓመቱ ከተጫነ በቅሎ እኩል ደራ ደርሼ ጭነቱን የማራግፈው ራሴ ነበርሁ።

ዱላውም ሲመጣ እንደጠበቅሁት አልሆነም። ወይራ ቆርጠን ቅቤ አጠጥተን፣ ጣራ ሥር ጢስ አስመትተን አዘጋጀን። ከዚያ ክረምቱን በሙሉ መመከት ብቻ ተማርን። መምታት መቼ ነው ብዬ ስጠይቃቸው «መምታት ምን ያስተምሩታል? ሕፃንም እናቱን ይመታል» አሉኝ። ከላይ ለሚመጣ ዱላ ክንድ ሳይሆን ተረከዝ እንደሚመክት፣ ጉልበት ያልታጠፈለት ምከታ ትከሻ እንደሚያስወልቅ፣ ወደ ኋላ ከመሸሽ ወደ ጎን አንድ እርምጃ እንደሚሻል፣ ሁሉንም በአካላችን አሳዩን። ወደ ጎን ወጥቶ መሮጥ የሚቻል ከሆነ መሮጥ ነው ይሉ ነበር። ያን ሁሉ የኮረብታ ሩጫ ለምን እንዳሮጡን የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

እሳቸው ራሳቸው ግን አንድ ሌላ ነገር ነበራቸው። ግራቸው ጨለማ ስለሆነ፣ ከዚያ በኩል ለሚመጣ ነገር እጃቸውን ለብቻው አሠልጥነውታል። ስንቴ ለሶላት ሲታጠቡ፣ ስንቴ ወሬ ሲያወሩ፣ በግራቸው ተሹለክልከን ሰንበሌጥ ወርውረንባቸዋል። ራሳቸውን ሳያዞሩ ቀኝ እጃቸው በደረታቸው ላይ አልፎ ይመታዋል። «እጅ ሐሳብን ከጠበቀ ይመሽበታል» ይሉን ነበር፣ በኩራት። እኛም እንደ ተአምር እያየን በየማደሪያው አወራነው።

አንድ ጊዜ ከአቦምሳ ቡና ጭነን ስንመለስ አዋሽ መሻገሪያ አጠገብ ቀማኞች ከቁጥቋጦ ወጡብን። ጋሼ እንድሪስ «ወንድሞቼ፣ መንገዱ ለሁላችንም ይበቃል» ብለው በለሰለሰ አንደበት ሲናገሩ፣ አንዱ ጩቤ ይዞ በግራቸው በኩል ተወረወረ። ፊታቸውን አላዞሩም። ዱላቸው ሄዶ የእጁን አንጓ አገኘው፤ ጩቤው ወደቀ፣ ሰውዬው ቁጭ አለ፣ ሌሎቹ ሸሹ። ጋሼ እንድሪስ የሰውዬውን እጅ በራሳቸው ሻሽ አሰሩለት፣ ከስንቃችን ዳቦ ሰጡትና መንገዳችንን ቀጠልን።

«እንዴት አዩት?» አልኋቸው።

«አላየሁትም። እጄ አየው» አሉኝ።

ቤታቸው ደራ ነበር። ሚስታቸው ጫልቱ የዚያው አገር፣ የአርሲ ልጅ ናት፤ በዕድሜ ለእኔ ትቀርባለች። ልጅ አልወለዱም፤ ስለዚህ ነው መሰለኝ እርስ በርሳቸው እንደ ልጅ ይጫወቱ ነበር። የሳቸውን ኦሮምኛ እየደገመች ታሾፍባቸዋለች። የምትወደው ጨዋታ ደግሞ በማያይ ዓይናቸው በኩል መጥታ ቆባቸውን ከራሳቸው መንጠቅ ነበር። ከሰው ሁሉ እሷን ብቻ እጃቸው አይመታትም። ኮቴዋን ያውቀዋል። «ይህ እጅ ከእኔ ይልቅ ለአንቺ ይታዘዛል» ይሏት ነበር።

ከመኝታቸው ራስጌ የጫልቱ ሲንቄ ቆማለች። ሲንቄ የአርሲ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት ቀጭን፣ ቀጥ ያለች በትር ናት። ሴት ሲንቄዋን ይዛ በሁለት ጠበኞች መካከል ከዘረጋች ጠቡ ያልቃል፤ ደም የፈላበት ወንድ እንኳ ያችን በትር አልፎ አይሄድም። ጋሼ እንድሪስ የማንንም ቤት ዱላ አንሥተው ክብደቱን ሳይመዝኑ አይወጡም፣ የነጋዴውንም የዳኛውንም። ያችን በትር ግን በኖሩበት ዘመን ሁሉ በጣታቸው አልነኳትም።

ጃንሆይ ዘውድ በጫኑበት ዓመት፣ በደራ የገበያ ቀን፣ ከጭነት በቅሎዎቻችን አንዷ ገመዷን በጥሳ የሰው ማሽላ ውስጥ ገባች። ባለማሳው ከወንድሞቹ ጋር እየተሳደበ መጣ። ይቅርታ ጠይቀን ካሣውን እንነጋገር ስንል፣ ከጫኞቻችን አንዱ ችኩል ቀድሞ ሰነዘረ። ከዚያ ወዲያ ማን ከማን እንደሆነ አልታወቀም። ገበያው በሙሉ ዱላ ሆነ። ጋሼ እንድሪስ መካከል ገብተው የኛንም የነሱንም ዱላ እየመከቱ ያለያዩ ጀመር። ማንንም አልመቱም፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። «ተዉ! ኧረ በአላህ ተዉ!» እያሉ ነበር።

የደራ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ሲወጡ አየሁ። ፊተኛዋ ጫልቱ ናት። ባሏ መካከል እንዳሉ አይታ ሮጣለች። ሰዉ ይጮሃል፣ በቅሎው ያናፋል፤ የሷ ኮቴ ከየት ይሰማል? በግራቸው በኩል ደርሳ ሲንቄዋን ዘረጋች። ጮኼ ስማቸውን ጠራሁ።

እጃቸው ቀደመ። ሲንቄዋ ከሁለት ተሰበረች፤ ዱላው አልፎ የጫልቱን ጣቶች አገኘ።

ያ ሁሉ ገበያ ጸጥ አለ። የሁሉም ዱላ ወደቀ። ጋሼ እንድሪስ ራሳቸውን አዙረው በደኅናው ዓይናቸው አዩ፤ መጀመሪያ መሬት ላይ ያለችውን በትር፣ ከዚያ ሚስታቸውን። ጫልቱ አላለቀሰችም። ጣቶቿን በሌላው እጇ ይዛ ታያቸው ነበር። ያኔ ሴቶቹ እሪ አሉ።

የደራ ሴቶች ቤታቸውን ትተው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ሲንቄ ተደፍሮ ቤቷ የምትገባ ሴት የለችም፤ ላም የሚያልብ፣ እሳት የሚያነድ ጠፋ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ጋሼ እንድሪስ ራሳቸውን ገልጠው ፊታቸው ቆሙ፤ እኔ ከኋላቸው ነበርሁ።

«ያ እንድሪስ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ «አንተ ከሩቅ የመጣህ ሰው ነህ። ሥርዓቱን ሳታውቅ ቀርተህ ይሆን?»

መውጫ በር ሊከፍቱላቸው ነበር። ጋሼ እንድሪስ ግን «አውቃለሁ አባቴ። ከበትሯ ጋር በአንድ ቤት ነው የኖርሁ» አሉ።

«ታዲያ ዓይንህ አላየ ይሆናል።»

«ዓይኔ አላየም። እጄ ነው የመታት። እጄን ያስተማርሁት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ጊደር ከፈሉ፣ ታረደች። ሴቶቹም ርጥብ ሣር ይዘው መረቋቸው፤ ይቅር አሏቸው። የአርሲ ሴት ይቅር ካለች አለች ነው፣ ቂም አትቋጥርም። ጫልቱም ወደ ቤቷ ገባች። እናቷ ሞታለችና ሌላ ሲንቄ የሚሰጣት የለም፤ የተሰበረችውን በቀጭን ጠፍር አስራ ወደ ቦታዋ መለሰቻት። ሁለት ጣቶቿ ጎብጠው ዳኑ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጫልቱ ወደ ባሏ ስትቀርብ ጉሮሮዋን ትጠርግ ጀመር። በር ላይ ትቆምና እህህ ትላለች፣ ከዚያ ትገባለች። ውኃ ስታቀርብላቸው እህህ፣ በአጠገባቸው ስታልፍ እህህ። ቆብ መንጠቁ ቀረ። ተቀይማ አይደለም፤ ሰውነቷ ፈርቶ ነው። ጋሼ እንድሪስ ይህን ድምፅ በሰሙ ቁጥር ፊታቸው ሲለዋወጥ አየው ነበር። አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን «ታደሰ፣ አላህ ዕድሜ ከሰጠኝ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው» አሉኝ። «ጉሮሮዋን ሳትጠርግ በግራዬ መጥታ ቆቤን እንድትነጥቀኝ።»

ዱላ መያዝ ተዉ። ሙሴ ጣናስ «ዱላ የሌለው ዘበኛ ምንድን ነው?» ብሎ ትንሽ ጠበቃቸው፤ ከዚያ እኔን አለቃ አደረገኝ። በእሳቸው ቦታ መሾም እንዴት እንደሚመር የቀመሰው ያውቀዋል። በየገበያው ቀን ደራ ስደርስ ቤታቸው እሄዳለሁ፤ እሳቸውም ወደ ወንዝ ይወስዱኛል። አሁን ተማሪው እሳቸው ሆኑ። «በግራዬ ና» ይሉኛል። እሄዳለሁ፣ እጃቸው ይነሣል። እንደገና ና። ይነሣል። ቀኝ አንጓቸውን ከወገባቸው ጋር በጨርቅ አሰሩት፤ ጨርቁ ተቀደደ። ወተት ሞልቶ የተቀዳ ጽዋ በቀኛቸው ይዘው መዋል ጀመሩ፣ እጁ ከተንቀሳቀሰ እንዲፈስና እንዲያፍር ብለው። እኔ በግራቸው ስመጣ ልብሳቸው በወተት ይርሳል። ሽማግሌ ሰው ወተት ፈሶበት ራሱን ሲወቅስ ማየት በጣም ያሳዝናል፤ ዞር ብዬ ያለቀስሁባቸው ቀኖች አሉ።

አንድ ቀን አልተነሣም። እኔ በደስታ ዘለልሁ። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንተን አወቀህ እንጂ አልተማረም። የእሷንም ኮቴ ያውቅ ነበርኮ።»

እኔ በበኩሌ ለአዲሶቹ ዘበኞች ትምህርቱን ለወጥሁት። ሩጫው፣ ጆንያው፣ የአባት ስም መቁጠሩ እንዳለ ነው። ምከታው ላይ ግን እየተጯጯኸን፣ ዱላ ለዱላ እየተጋጨን ሳለን፣ ከመካከል አንድ ሰው ሰንበሌጥ ይዞ ይገባል። ሰንበሌጡን የመታ ሰው ያን ቀን ዱላውን አስቀምጦ አሸዋ ይሸከማል። በዚህ ምክንያት የኔ ተማሪዎች እንደ ጋሼ እንድሪስ ፈጣን ሆነው አያውቁም። ሙሴ ጣናስ «ዘበኞችህ ያስባሉ፣ ማሰብ የኔ ሥራ ነው» እያለ ያጉረመርም ነበር። ያጉረምርም ብዬ ተውሁት።

ካሚዮኖቹ መንገዱን ሲይዙ፣ እኔም ሥራ ልፈታ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ጋሼ እንድሪስ ወደቁ የሚል መልእክት መጣ። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ካሚዮን ላይ የወጣሁት፤ በጠላሁት ነገር ላይ ተሳፍሬ እንዲፈጥንልኝ ስለምን ሄድሁ።

መደቡ ላይ ተንጋለዋል። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፣ ቃላቸው እየተጎተተ ነው የሚወጣው። ቀኝ እግራቸውና ቀኝ እጃቸው ሰልለዋል። እጁን አንሥቼ ብይዘው እንደ እርጥብ ጆንያ ከበደኝ። ያ ሁሉ አሸዋ፣ ያ ሁሉ ኮረብታ ያጸናው ክንድ ነው።

ጫልቱ ከጓዳ ወጣች። በሩ ላይ አልቆመችም። ጉሮሮዋን አልጠረገችም። በባዶ እግሯ ቀስ ብላ በግራቸው በኩል መጣች፤ በእነዚያ ጎባጣ ጣቶቿ ቆባቸውን ከራሳቸው ላይ አነሣችና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

እጁ አልተነሣም።

የጋሼ እንድሪስ ደኅናው ዓይን እንባ ሞላ። «አየሽ?» አሏት፣ «ተማረ።»

ጫልቱ እኔን አየችኝ። ወዲያው ወደሳቸው ተመለሰች። «ተማረ» አለች፣ «ተማረልህ።»

እጃቸው መሞቱን ረስተውት ነው? ወይስ እያወቁ ለእሷ ሲሉ ነው ያሉት? እስከ ዛሬ አላውቅም። ጫልቱንም አልጠየቅኋትም። ከጥቂት ቀን በኋላ አረፉ፤ ደራ ቀበርናቸው። ከየመንደሩ ሲንቄ የያዙ ሴቶች መጥተው ከመቃብሩ ራቅ ብለው ቆመው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ጫልቱን ልጠይቅ ደራ ሄጄ ነበር። ጎረቤት ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች አሉኝ። በሩ ክፍት ነውና ገብቼ መደቡ ጥግ ተቀመጥሁ፤ ቆቡ ራስጌ ላይ፣ ከተጠፈረችው ሲንቄ አጠገብ ተሰቅሏል። ጥቂት ቆይታ ጫልቱ እንስራዋን አዝላ መጣች። ቤቱ ጨለም ስለሚል እኔ ውስጥ መኖሬን አላወቀችም። እንስራዋን ከጀርባዋ አውርዳ ደጃፉ ላይ አስቀመጠች። ነጠላዋን አስተካከለች። ጉሮሮዋን ጠረገችና ጥቂት ጠብቃ ገባች።